እንደ ዛሬው

ሽማግሌው የቡድሃ መነኩሴ በቅናት ተንገበገበ። «ነፍስ ያለውን አትንኩ» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰብክ ሰሚ አጥቶ ኖሯል። ትናንት የመነኮሰ ጎረምሳ ግን የመንደሩን ትልቅ ዛፍ ሰው እንዳይነካው እንደ መነኩሴ ቢጫ ልብስ አልብሶ፣ ሊቆርጡት በመጡት ሰዎች ፊት ቢቀመጥ አገሩ ሁሉ «ጀግና!» አለው።

«ሲፈረጥጥ ሳላይማ አልሄድም!» አለ ሽማግሌው በልቡ። ትይዩ ተቀምጦም ዓይኑን ተከለበት።

መጋዙ ጎረምሳው ጆሮ ሥር አጓራ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲመሻሽ ቆራጮቹ እየተሳደቡ ሄዱ።

ያኔ ጎረምሳው መጥቶ ሽማግሌው እግር ላይ ተደፋ።

«አባ፣ እርስዎ ባይኖሩ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ልሮጥ ባሰብኩ ቁጥር ዓይንዎን ሳይ እያፈርኩ ቀረሁ። ሰዎቹ ነገም እንመጣለን ብለዋል። እባክዎ፣ እንደ ዛሬው ይዩኝ።»