የጥሊሊው ብልቃጥ

ካሳነሽ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ጥሊሊ ሄዳ ስትመለስ በቀሚሷ ሥር ምን ይዛ እንደመጣች ዳንግላ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሙሉነሽ ግን ገና ከበር ስትገባ ጠርጥራታለች።

ካሳነሽ የነጋ አዲሷ ሚስት ናት። ሙሉነሽ ደግሞ የሟቿ ሚስቱ ታላቅ እህት ናት። እህቷ በሞተች ጊዜ ሙሉነሽ ትንሿን ሸጋን ላሳድጋት ብላ ለምና ነበር፤ ነጋ እምቢ አለ። ሙሉነሽ ልጅ አልወለደችም። ቤቷን ከነጋ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ ቀዳዳ አያጣም።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ ሸጋን ዳፍንት ያዛት። ሰባት ዓመቷ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በርጩማው ሁሉ ይጥላት ጀመር። ሙሉነሽ እጇን ይዛ ክሊኒክ ወሰደቻት። ሰው ሁሉ ሐኪም የሚለው ድሬሰሩ አስማረ የዓሣ ጉበት ዘይት ሰጣት፤ በቀን ጥቂት ጠብታ።

«ጾም እኮ ነው» አለች ሙሉነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«በሽተኛ አይጾምም።»

«እስቲ ይህን መምሬ አድማሴ ፊት በለው!»

የነፍስ አባታቸው መምሬ አድማሴ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ከጾም የሚምሩ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ሙሉነሽ ለማንም ሳትናገር፣ ሸጋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓዳ አስገብታ ታጠጣታለች፤ ያውም በማንኪያ። ለእህቷ ልጅ ጠብታ የምትቆጥር ሴት አልነበረችም። ዳፍንቱ ለቀቃት።

ከደብረ ዘይት ወዲህ ግን ሸጋ ሌላ ልጅ ሆነች። ራሴን አለች። የቀመሰችው ሁሉ አስመለሳት። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ቆዳዋ ተላጠ። አንድ ቀን ሙሉነሽ ስታበጥራት ጸጉሩ ከሚዶው ጋር ወጣ።

«ምንድን ነው የምትሰጥሽ?» አለች ሙሉነሽ።

«ማን፣ አክስቴ?»

«ያቺ እንጀራ እናትሽ ናታ!»

ሸጋ መሬት መሬት አየች። «አትናገሪ ብላኛለች።»

ሙሉነሽ ከዚያ ወዲያ ከአጥሩ አልተለየችም። አንድ ማለዳ ነጋ ወደ ገበያ እንደወጣ ካሳነሽ ሸጋን ወደ ጎተራው ጀርባ ሳበቻት። ግራ ቀኝ አየች። ጥቁር ብልቃጥ አወጣች፣ ልጅቱ አፍ ውስጥ አንጠባጠበች፣ በአገውኛ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ሙሉነሽ አገውኛ አትሰማም። የማይሰሙት ቋንቋ ደግሞ ሁሉም ድግምት ነው።

የሰማችውን ቃል እንዳይጠፋባት እየደጋገመች ወደ ጎረቤቷ ወደ እታለማሁ ሮጠች። እታለማሁ አገው ናት።

«በይ ፍችልኝ፤ ድግምት ነው አይደል?»

«አንቺ እንደጠራሽው ከሆነ አገውኛም አይደል» አለች እታለማሁ እየሳቀች። «ምናልባት ዋጪ ብላት ይሆናል።»

«ትስቂያለሽ? ልጄ እያለቀችብኝ!»

«ልጅሽ?» አለች እታለማሁ።

በማግስቱ ካሳነሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሙሉነሽ በአጥሩ ሾልካ ገባች። ብልቃጡን ከአልጋው ግርጌ፣ ገለባ ውስጥ ተቀብሮ አገኘችው። አልከፈተችውም፤ መርዝ በአፍንጫም ይገባል ሲባል ሰምታለች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በቀጥታ ወደ ድሬሰሩ ሄደች።

አስማረ ለክትባት ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሊሄድ በቅሎ እያስጫነ ነበር። ብልቃጡን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ስለ ሸጋ ጠየቃት፤ የደረሰባትንም የምትወስደውንም ሁሉ ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ተቆጣ፣ ተቆጥቶም አልበቃው ብሎ በበቅሎው ላይ ሆኖ ተቆጣ። እሱ ከሄደ በኋላ ሙሉነሽ መንገዱ ላይ ብዙ ቆመች።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ነጋ ግቢ ተቀመጡ። መምሬ አድማሴም መጡ። ሸጋ መደብ ላይ ተኝታ ታቃስታለች። ሙሉነሽ ብልቃጡን መካከላቸው አቆመችው።

«ይህ ያንቺ ነው?» አሉ መምሬ።

ካሳነሽ በእጃቸው የያዙትን መስቀል አየች። «የኔ ነው፣ አባቴ። ከጥሊሊ ነጋዴ ገዝቼ ነው። ለዓይኗ ብዬ…»

«ምንድን ነው?»

ካሳነሽ መስቀሉን እንደገና አየች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«እሷ ካልተናገረች እኔ ልንገርዎ» አለች ሙሉነሽ። «ሐኪሙ አይቶታል። መርዝ ነው ብሎኛል።»

ካሳነሽ ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። «መርዝ?» አለች። «እኔ… በየማለዳው… በዚህ እጄ? እጄን ይቁረጠው!» እመሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሰማችሁ?» አለች ሙሉነሽ። «ከገዛ አፏ!»

ነጋ ተነሣ። ጋሪ ጠርቶ የካሳነሽን ዕቃ እስከ አውራ ጎዳናው አስጫነላት። ካሳነሽም አልተሟገተችም። ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል ብቻ ወደ ኋላ ዞረች። «እትዬ ሙሉነሽ፣ ልጅቱን ያድኑልኝ» አለች።

ሸጋ የዚያኑ ዕለት ወደ አክስቷ ቤት ተሻገረች። ለፋሲካ ራስ ምታቱ ተዋት፤ ለጰራቅሊጦስ ጸጉሯ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ሙሉነሽ ሰው ከሚበላው እህል በቀር በአፏ ምንም አታስገባላትም ነበር። መምሬ አድማሴ ሳይቀሩ «የእናት እጅ ነው ያዳናት» አሉ። እታለማሁ መጥታ ስለ ሳቋ ይቅርታ ጠየቀች። ካሳነሽ ግን ጥሊሊ ውስጥ ልጅ መራዥ ተብላ ቀረች፤ ዳግመኛ የሚያገባት አልተገኘም። ልጅቱ ስለዳነች ድሬሰሩን የጠየቀው ሰው የለም።

ድሬሰሩ በበቅሎው ላይ ሆኖ ለሙሉነሽ የነገራት፣ «ይህ እኮ አንቺ ራስሽ የምትሰጫት ዘይት ነው፤ ለአንቺ ዕድሜ ማንኪያው ምንም አይልም ይሆናል፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ከጠብታ ካለፈ መርዝ ነው» ብሎ ነበር።