የጎን ነፋስ

ካፒቴኑ ትንሿን አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አስወጥቶ ቦይ ውስጥ ከከተታት ወዲህ፣ ስለ ጎን ነፋስ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአገሩ ጠፋ። ክንፏ ቢሰበርም አራቱም ተሳፋሪዎች በሕይወት ወጥተዋል፤ ስለዚህ ጀግና ተባለ። አደጋውን ሊያጣራ የመጣው ኮሚቴም ቆሞ ሊያጨበጭብለት ምንም አልቀረው።

«ነፋሱ ከግራ በኩል እንደ ኮርማ ወጋን» አለ ካፒቴኑ። «ሌላ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተዝካራችንን ነበር የምትበሉት።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ካፒቴኑን ለሽልማት የሚያጨው ደብዳቤ ተረቅቆ አልቋል፤ የጎደለው የአንድ የአካባቢው ሰው ቃል ብቻ ነበር። ከማኮብኮቢያው አጠገብ አውድማ ያላቸው አቶ ይማም ተጠሩ።

«የዚያን ቀኑን ነፋስ እስቲ ይንገሩን፣ አባቴ» አሉ ሰብሳቢው።

ሽማግሌው ወደ ካፒቴኑ ዞረው በአክብሮት እጅ ነሡ።

«አላህ ይስጠው» አሉ። «የወቃነውን ጤፍ ከገለባው ልናዘራ ላይዳ ይዘን ከማለዳ ጀምሮ ነፋስ ስንለምን፣ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ነፋስ ያገኘነው የእሱ አውሮፕላን በአጠገባችን ስታልፍ ነው።»