አንዳችሁ ልቀቁ

ሚንሃ ሰበታ መናኸሪያ ቆማ፣ ስልኳን ሽቅብ ዘርግታ ኔትወርክ ትለምን ነበር። እሷ ቤት የከረመችው እናቷ ጓዟን ታቅፋ አጠገቧ ተቀምጣለች። ጠዋት የቡራዩ ወንድሟና የሱሉልታ እህቷ በስልክ «እማዬ እኔ ጋ ትምጣ!» «የለም፣ እኔ ጋ!» ሲባባሉ፣ ሚንሃ ታክቷት «አንዳችሁ ልቀቁ!» ብላቸው ነበር።

በመጨረሻ ሁለት የድምፅ መልእክት እኩል ገባ። እናቷ ጓጉታ ጆሮዋን አስጠጋች።

«በቃ ይሁን፣ እህቴ ትውሰዳት» አለ ወንድሟ።

«እሺ፣ እሱ ጋ ትሂድ» አለች እህቷ።

«አንዱ የሌላውን ሳይሰማ እኮ ነው የላኩት፤ ኔትወርኩ ነው፣ እማዬ» አለች ሚንሃ። ለሁለቱም ደወለች፤ አንዱም አልጠራም።

እናቷ የጓዟን ቋጠሮ ጠበቅ አድርጋ ቀና አለች።

«አንቺስ ለማን ነው የለቀቅሽኝ?»