ዝምተኛው ባል

ወደ ኢታንግ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆት፣ አጠገቡ ለተቀመጠች ለማያውቃት ነርስ አባቱን ስለቀበረበት ቀን አወራላት። ዝናቡን፣ መቃብሩ ውስጥ የሞላውን ውሃ፣ ለምን እንዳላለቀሰ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ ኛቴኒ ልጃቸውን ታቅፋ ከኋላቸው ተቀምጣ ነበር።

ነርሷ መንገድ ላይ ስትወርድ ኛቴኒ ቦታዋን ያዘች።

«ዝናብ እንደነበር አላውቅም ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «እናቴ ‹ለምን አያናግርሽም?› ስትለኝ፣ ተፈጥሮው ነው፣ ዝምተኛ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ተሟገትኩልህ።»

ሆትም ስለ ራሱ የሚያምነው ይህንኑ ነበር። ሊመልስላት ዞረ። ፊቷን ሲያይ ግን የሚናገረው ጠፋው፤ ዝምተኛ ሰው አለመሆኑ፣ ዝም የሚለው እሷ ፊት ብቻ መሆኑም ያን ጊዜ ገባው። ኛቴኒ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።