የስፖኪዮ ፈተና

አዲሱ የመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀጥር ፈተናው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰዓት ሳይሞላ ስፖኪዮ ከመኪና በር ላይ ፈትቶ መልሶ መግጠም። አንዱ ሥራ ፈላጊ ወጣት ይህን ሲሰማ ወደ ሰልፉ መጨረሻ አፈገፈገ። እጁ ይህን ሥራ ከልክ በላይ ያውቀዋል። ከተወው ቢቆይም ጣት አይረሳም፤ ከፈጠነ ይነቃበታል።

ተራው ሲደርስ መውጫው ላይ የቆመውን ፖሊስ አየና ፊቱን አዞረ። ካቻቢቴውን እንደማያውቅ ሰው አገላብጦ ያዘ። ሆን ብሎ ብሎን ጣለ፤ ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አነሳና መልሶ ጣለ። ሌሎቹ ጨርሰው ሲወጡ እሱ ገና ከአንድ ብሎን አላለፈም። ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

ፈታኟ ኢንጂነር መጥታ ከኋላው ቆመች።

«ምነው ወንድሜ፣ አቃተህ?»

«ነክቼው ስለማላውቅ ነው፣ እህቴ» አለ ዓይኑን ከብሎኑ ሳያነሳ።

ጠጋ አለችው። ቀና ሲል በስፖኪዮው ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«መስቀል አደባባይ መብራት ይዞኝ የኔን ስትነቅልም» አለች በሹክሹክታ፣ «እንዲህ በመስታወቱ ውስጥ ነበር የተያየነው። መብራቱ ሳይለቅ ጨርሰህ ነበር።»

ካቻቢቴውን አስተካክላ አስያዘችው።

«በል እንደዚያን ቀን አድርገው። ሰዓቱ ገና አልሞላም።»