ቆመው የቀሩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌው ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ለጎረቤታቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር መጥተው፣ እንደ ወጉ «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ብለው ከቆሙ ሰዓት አልፏል።

ጥፋቱ የልጅቷ አባት ነው። መምህር ወልደየስ አርባ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛው መሀል እንግሊዝኛ የቀላቀለ ሰው በእሳቸው ቤት ንግግሩን እንደ አዲስ ይጀምራል። ልጃቸውንም ያሳደጉት እንደዚሁ ነው።

አንደኛው ጓደኛ «ልጃችን በጣም ሲሪየስ ነው» አሉ።

«ከመጀመሪያው!» አሉ መምህሩ።

ሁለተኛው ገና «ቤዚካሊ...» ከማለታቸው፣ «ከመጀመሪያው!»

ተራው የሽማግሌው ሆነ። ጭቃ እንደሚሻገር ሰው እያንዳንዱን ቃል እየመረጡ፣ የልጁን ዘር፣ ጨዋነትና ጤና ያለ እንከን ዘረዘሩ።

«ሥራውስ?» አሉ መምህሩ፣ ዓይናቸውን አጥብበው።

ልጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሽማግሌውን ላብ አጠመቃቸው።

«ቁጭ ብሎ፣ በጣቶቹ ብቻ፣ እንጀራውን የሚያገኝ ልጅ ነው።»

መምህሩ ስህተት ፈለጉ፤ አጡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈታ አለ፤ ብድግ ብለውም በእጃቸው ወንበሮቹን አሳዩ።

«ኦኬ!» አሉ።

ሽማግሌው «ተመስገን» ብለው ጉልበታቸውን ሲያጥፉ፣ ከጓዳ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ከመጀመሪያው!»