የቀለለው ውሃ

«ይኸው፣ ተገለበጠች! አየህ አባዬ?» አለች ልጅቱ ወደ ኮምፒውተሩ እያሳየች። «ነፋሱ ነው። ያንተ ጥፋት አይደለም።»

አባትየው ጠጋ ብሎ አየ። ስክሪኑ ላይ ጀልባዋ ሆዷን ወደ ሰማይ ሰጥታ ትዋልላለች፤ በተሳፋሪ ፈንታ የተጫኑት ሃያ ሳጥኖች ዙሪያዋን ተበትነዋል።

እውነተኛዋ ጀልባ የሱ ናት። አምና ሐይቁ ላይ ተገልብጣ ዘጠኝ ሰው ጨርሳለች። «የጫንኩት ሃያ ነው» ብሎ ለመርማሪዎቹ ማለ፤ የሚፈቀደውም ሃያ ስለሆነ ጥፋቱ በነፋስ ተላከከና ነጻ ወጣ። ነጻ መውጣት እቴ! ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድለት፣ እንቅልፍ አይወስደው። «ለኮምፒውተር ጌሞቻችሁ ውሃ የምትሠሪው አንቺ አይደለሽ? ጀልባዬን ሥሪና በሃያ ሰው ትገለበጥ እንደሆነ እይልኝ» እያለ ልጁን ስንት ወር ነዘነዛት።

ሠራችለት፣ ከነልኳ። ዛሬ ጠዋት ለብቻዋ ስትሞክራት ግን ጀልባዋ አልገለበጥ አለች። ነፋሱን ብትጨምር፣ ብታከፋው፣ እምቢ። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ምን ታድርግ፣ አባት ነው። የውሃውን ክብደት በቁጥር ቀነሰችው፤ ውሃ ሲቀል የተሸከመውን ማንሳት ያቅተዋል።

«ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን መልሰሽ አሳዪኝ» አለ አባትየው።

መለሰችለት። ጣቱን ጀልባዋ ጎን ላይ አሳረፈ።

«በሃያ ሰው ሦስት ሳንቃ ከውሃው በላይ ይቀራል። ይሄ አንድ ብቻ ነው። ውሃውን ምን አደረግሽው?»

«ኧረ ምንም...»

«የኔ እናት፣ አርባ ዓመት ውሃ ላይ የኖረ ሰው በውሃ አይሸወድም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አንገቷን ደፍታ ቁጥሩን ወደ ቦታው መለሰችው። ጀልባዋ ብድግ አለች፣ ሦስት ሳንቃ። ነፋሱን ስትለቅባት ዘመም አለችና ቀና አለች።

«አሁን አስራ አንድ ጨምሪ።»

«አባዬ፣ በናትህ ተወው!»

«ጨምሪ አልኩሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እስከ መቼ? የገበያ ቀን ነበር፤ ‹እኔንም፣ እኔንም› አሉኝ። ማንን ልመልስ?»

አንድ በአንድ ጨመረች። በየሳጥኑ ጀልባዋ ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ አለች። ሠላሳ አንድ ሲሞላ አንድ ሳንቃ ቀራት።

«ነፋሱን ልልቀቀው?» አለች።

እጇን ያዛት።

«ተይው። እሱን አይቼዋለሁ።»